ለበረንዳው ክፍል የቀረበ ዋጋ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናትሽ ፓስፖርቷን ሐሙስ ዕለት ከባሕር ዳር ተቀብላ ተመለሰች።

ለእህቴ ልጅ ለፍሬሕይወት። በርገን ዝናብ የማይለያት ከተማ መሆኗን ነግረሽኛልና፣ ዝናቡም ሥራውም ሳይበረታብሽ ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝሽ። የቤታችን ጠባቂ ቅዱስ ሚካኤል ካንቺ ጋር ይዋል፣ ካንቺ ጋር ይደር። እኛ ደኅና ነን። በቆሎው ገብቷል፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። ስልኩ እዚህም፣ እናትሽ ዘንድ ቡሬም አንድ ቀን ሠርቶ ብዙ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ እንደ ዓምናው እኔ በእጄ ጽፌ ለሚኒባስ ሹፌሩ ለመልካሙ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ባሕር ዳር ሲደርስ በስልኩ አንሥቶ ይልክልሻል። ያንቺንም እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ክፍያ አይቀበልም። የመርከቡን ወሬ ከሁሉ ሰው ቀድሞ ማንበቡ እንደሚበቃው ነግሮኛል።

እናትሽ ካንቺ ጋር መርከብ ላይ የምትገናኝበትን ነገር ለማንም እንዳልናገር አዝዛኝ ነበር። ከፓስፖርት መልስ ግን ቡሬ ገበያ ላይ ራሷ ስትናገር አገኘኋት። አሁን ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። ጎረቤቷ እማዋይሽ፣ "ኖኅ እንኳ ከብቱን ይዞ ነው የገባው፤ አንቺ ላሟን ለማን ትተሽ ነው?" እያለች ስትቀልድባት ሰነበተች። ላሟን ለራሷ ለእማዋይሽ ልትተውላት ተስማምተዋል። ቀኑንም ወዳዋለች። ከጥምቀት በኋላ፣ ከነነዌ ጾም በፊት መዋሉ በእሷ ሐሳብ ያንቺ ምርጫ አይደለም፤ ከላይ የመጣ ነው።

ሁለት ጉዳይ አለኝ። ጫማ እገዛላታለሁ ብለሻል። ከምታውቂው ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን፤ ሰፋ ያለ፣ ማሰሪያ የሌለው። ሁለተኛው የራሷ ጥያቄ ነው። መርከቡ ላይ የምታድሩበት ክፍል መስኮት አለው ወይ? በሩስ ወደ ውጭ ይከፈታል? እዚህ በሯን ገርበብ አድርጋ ነው የምትተኛው። ለምዳው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

አጎትሽ ያረጋል


በርገን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክፍላችን መስኮት የለውም።

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ያረጋል። እርስዎም እማዬም በአባቶቻችን ጸሎት ተጠብቃችሁ፣ ይህ ደብዳቤ ቤታችሁን በሰላም እንዲያገኘው እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ሥራዬ ያው በአረጋውያን መጦሪያው ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳዎ። የያዝኩት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከአንድ አገር በቀር ወደ ሁሉም ያስኬዳል ይላል። ያቺ አንድ አገር ኢትዮጵያ ናት። እማዬን ወደዚህ ለማምጣት ያቀረብኩት የቪዛ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ዱባይ ከብዙ ምልልስ በኋላ ለሁለታችንም ፈቀደች። እዚያ ሆቴል ይዞ ሳምንት ከመቀመጥ ደግሞ፣ ከዱባይ ተነሥቶ የባሕረ ሰላጤውን ወደቦች ዞሮ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ መሄድ አልጋውም ምግቡም ተደምሮ ይረክሳል። ባሕር ሳላይ አልሙት ያለችውም እሷው ናት። ስለዚህ አቅሜ የፈቀደውን ክፍል ያዝኩ። እሱም በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለ፣ በሩ ወደ ረጅም ኮሪደር የሚከፈት፣ በአራቱም በኩል ድፍን ግድግዳ የሆነ ነው።

አንድ መንገድ አለ። ኩባንያው ትናንት በኢሜይል ጥሪ ልኮልኛል። የውስጥ ክፍል የያዘ ተሳፋሪ በረንዳ ወዳለው ክፍል መዛወር ከፈለገ፣ ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል ዋጋ ያቀርባል። ሌሎቹ ስንት እንዳቀረቡ አይታይም። ኩባንያው ሳይሸጡ የቀሩትን የበረንዳ ክፍሎች ከዋጋ አቅራቢዎቹ ለመረጣቸው ይሰጣል። የተሰጠው ሰው ገንዘቡ ወዲያው ከካርዱ ይቆረጣል፤ አይመለስም። ያልተሰጠው ምንም ሳይከፍል በያዘው ክፍል ይሄዳል። መልሱ መርከቡ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሊመጣ ይችላል። እርስዎ የጨረታ ሰው ስለሆኑ ምክርዎን እፈልጋለሁ።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። መጦሪያ ቤታችን ውስጥ በር ካልተከፈተ አልተኛም የሚል ሰው ሲመጣ አስቀድመን የምንጠይቀው ነገር አለ። እማዬ ስትተኛ ስንት ትራስ ትደገፋለች?

ታዛዥዎ ፍሬሕይወት


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

መንገዱ ትናንት ተከፈተ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ።

ለልጄ ለፍሬሕይወት። የዘገየው ሰላምታዬ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ፤ የወጣሽበትን ሥራ በሰላም ፈጽመሽ የምትገቢ ያድርግሽ። መልካሙ ሚኒባሱን ዱርቤቴ አቁሞ ሰንብቶ ነበር። ደብዳቤሽም አብሮት ሰነበተ።

ስለ ጨረታው የማውቀውን ልንገርሽ። ማዘጋጃ ቤት የመሬት ክፍል ሳገለግል የሊዝ ጨረታ ስንት ጊዜ እንደከፈትን አላስታውስም። የታሸገው ፖስታ በተጫራቾቹ ፊት ይቀደዳል፤ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የተሸነፈው በስንት እንደተሸነፈ ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ፖስታውን ብቻውን ከፍቶ ብቻውን የሚያነብ ኩባንያ ግን አላየሁም። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ከጨረታ ይልቅ ለልመና ይቀርባል። አንድ ምክር ግን እዚያም የሚሠራ ይመስለኛል። ድፍን ቁጥር አታቅርቢ። ሰው ሁሉ ድፍን ቁጥር ይወዳል፤ በላዩ ትንሽ ሽርፍራፊ የጨመረው ሲያሸንፍ ነው ያየሁት።

መስኮት እንደሌለው ለእናትሽ ስነግራት፣ "የኖኅ መርከብ እንኳ መስኮት ነበራት" አለች። ቀጥላ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ጣሪያውም ዝቅ ያለ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ዋጋውን በጊዜ ብታቀርቢ ጥሩ ነው። ከቻልሽም ጠንከር አድርጊው።

ለኅዳር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የሄደችው በጋሪ ነው። ዳገቱ ላይ መንገዱ ተበላሽቷል።

ለልብስ ብለሽ የላክሽውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ አውለነዋል። ልብሱ ይቆይ ብላለች። ከእንግዲህ የምትልኪውን ለዚህ ለዚያ ብለሽ ስም አታውጪለት፤ ዝም ብለሽ ላኪው።

ስለ ትራሱ የጻፍሽውንም አነበብኩላት። ሣቀች።

አጎትሽ ያረጋል


በርገን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዋጋ አቀረብኩ።

ለአያ ያረጋል። የልደቱ ጾም በሰላም አልቆ ለበዓሉ በጤና እንድትደርሱ እመኛለሁ። እማዋይሽንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ላሟን እንዳታስለምዳትና እማዬ ስትመለስ እንዳታጣት።

ዋጋ የሚቀርብበት ገጽ ላይ እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ ያለ ነገር አለ። ዋጋው ሲጨመር መርፌው ከቀዩ ወደ አረንጓዴው ይሄዳል። ቀዩ ላይ "ደካማ" ይላል፣ አረንጓዴው ላይ "ጠንካራ"። እንዳሉኝ በድፍኑ ላይ ሽርፍራፊ ልጨምር ሞክሬ ነበር፤ ማሽኑ በአምስት በአምስት ዶላር ካልሆነ አይንቀሳቀስም። ሲደክመኝ መርፌውን ከመካከሉ ትንሽ አሳልፌ ተውኩት። አረንጓዴው ጋ ለመድረስ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያስፈልጋል። ኩባንያው እስኪቀበለው ድረስ ዋጋውን መጨመርም ማንሣትም ይቻላል። በየቀኑ እየከፈትኩ አየዋለሁ። "በመጠባበቅ ላይ" ይላል።

አያ ያረጋል፣ ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን አድርጌ እንደገና አነበብኳቸው። ጫማው ከቁጥሯ ከፍ ይበል አሉ። በሯን ገርበብ አድርጋ ትተኛለች አሉ። ቤተ ክርስቲያን በጋሪ ሄደች። ያንን ዳገት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አዝላኝ ትወጣው ነበር፤ ያኔም መንገዱ የተበላሸ ነበር። የልብሱ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ አልነገሩኝም። ትራሱን ጠየቅሁ፣ ሣቀች አሉኝ። ሣቀች መልስ አይደለም። እግሯ ያብጣል? ትንፋሽ ያጥራታል?

ካመማት ይንገሩኝ። አልቆጣም። የመርከቡን ነገር ዛሬውኑ ትቼ ገንዘቡን በሙሉ ለሕክምናዋ ነው የማውለው። ይህን ለእሷም ያንብቡላት።

ታዛዥዎ ፍሬሕይወት


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባሕር ዳር ደርሼ ስለ ጨረታው ተነጋግሬ ተመለስኩ።

ለልጄ ለፍሬሕይወት። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ፤ በሰው አገር ያለሽውን ሁሉ የተወለደው ጌታ ይጎብኝሽ። በዓሉን ቡሬ ከእናትሽ ጋር ዋልኩ። እማዋይሽም መጥታ ነበር። ሥጋው ቀረበ፣ ቀልዱም ቀረበ፤ እናትሽ ከሥጋው ጥቂት፣ ከቀልዱ ብዙ ወሰደች።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት፤ እስከ መጨረሻው። ሳበቃ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ ያንን እንተወውና የተሠራውን ልንገርሽ።

በደብራችን የዓመት ንግሥ ላይ አጫራቹ እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። በስለት የመጣው ጃንጥላ ሲወጣ አቅም ያለው ሁሉ ይረባረብበታል። ከተጫራቾቹ የአንዱ ቤት ሕመም እንዳለበት ካወቅሁ ግን፣ ዋጋውን ከመጥራቴ በፊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ምክንያቱን ለሕዝቡ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይጨምርም። ዓምና ከቡሬ የመጣ የእህል ነጋዴ እጁን አንሥቶ ሳለ ይህን ሲሰማ እጁን ወደ ኪሱ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ጃንጥላው በትንሽ ዋጋ ለባለ ችግሩ ሆነ፤ እሱም በዚያው መልሶ ለታቦቱ ሰጠ። አብዝቶ ሊከፍል የመጣው ነጋዴም ደስ ብሎት ነው የሄደ።

ያንቺን ጨረታ ሳስበው ችግሩ እዚህ ላይ ታየኝ። ሌሎቹ ተጫራቾች ስለ እናትሽ የሰሙት ነገር የለም። ሳያውቁ ነው የሚጨምሩብን። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬቷን ወደቆረጠችልን የጉዞ ወኪል ዘንድ ሄድኩ። ምሥራቅ ትባላለች፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ከመርከብ ኩባንያውም ጋር ትጻጻፋለች። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳትና ዋጋ ላቀረቡት ሰዎች እንዲነገርልን ለኩባንያው አስታውቂልን አልኳት። እያየሁ በእንግሊዝኛ ጽፋ ላከችው። እዚያም ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ይተዉልናል ብዬ አምናለሁ። አንቺም ዋጋውን ከዚህ በላይ አትጨምሪ።

ለምሥራቅ የነገርኳትን ምክንያት ስትገናኙ እናትሽ ራሷ ትነግርሻለች። በቃል አስራኛለች።

አጎትሽ ያረጋል


በርገን፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ያረጋል፣

እናቴ የልብ ሕመምተኛ መሆኗን ዛሬ ከመርከብ ኩባንያው ሰማሁ።

ደብዳቤው የመጣልኝ ከጨረታው ክፍል አይደለም፤ ከጤና ክፍሉ ነው። በወኪል በኩል በደረሰን መረጃ መሠረት፣ ይላል፣ ተሳፋሪዋ የልብ ቫልቭ መጥበብ እንዳለባት፣ ተጋድማ መተኛት እንደማትችል፣ በሐኪም ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ እንደተመራች አውቀናል። መጓዝ ትችላለች የሚል የልብ ሐኪም ማስረጃ እስከ ጥር 15 ካልቀረበ አትሳፈርም። ለበረንዳው ክፍል ያቀረብኩትም ዋጋ እስከዚያ ታግዷል።

ለዋጋ አቅራቢዎቹ የተነገረ ነገር የለም። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ማንም ለማንም አይተውም።

አሁን የሚከተለውን በቅደም ተከተል ይጻፉልኝ። ሕመሙ መቼ ታወቀ? ሐኪሙ ምን አለ? የምትወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? ተጋድማ ካልተኛች እንዴት ነው የምታድረው? ምንም አያስቀሩ።

ፍሬሕይወት


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናትሽ ማወቅሽን ዛሬ አወቀች።

ለልጄ ለፍሬሕይወት። ደብዳቤሽ ሰላምታ አልነበረውም፤ አልቀየምኩም። የእኔ ሰላምታ ግን አይቅር፤ የእመቤታችን እጅ ይደግፍሽ።

በጠየቅሽኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ሕመሙ የታወቀው በነሐሴ ነው። ከቡሬ አምጥቼ እዚህ ሆስፒታል አስመረመርኳት። በልብ አልትራሳውንድ አዩዋት። ሐኪሙ ከልቧ በሮች አንዱ እንደጠበበ፣ መነሻውም በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን እንደሚችል ነገረን። ውኃ የሚቀንስ ክኒንና የልቧን ምት የሚያረጋጋ ሌላ ክኒን ሰጣት። የክኒኖቹን ስም ከማሸጊያው ላይ ገልብጬ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። የልብሱ ገንዘብ የዋለውም እነሱ ላይ ነው። የጠበበው በር አዲስ አበባ እንደሚከፈት ነግሮን ጻፈልን። ተራ ያዝን፤ ቀን አልተሰጠንም። እግሯ ማታ ማታ ያብጣል፤ ጠዋት ይቀንሳል።

ስለ ትራሱ። ትራስ አትደገፍም። ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። በሩን ከዘጋንባት ታነቅሁ ትላለች። ሐኪሙ በሩ መከፈቱ ለልቧ የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ነግሯታል፤ እሷ ግን አየሩ ፊቷን ሲነካት ይቀላታል። መስኮት መስኮት ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ ብዬ አስባለሁ። በነሐሴ ከሆስፒታሉ በር ሳንወጣ ቃል አስገባችኝ። እኔ ውዬ አድሬ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ግን ታኅሣሥ ላይ፣ ካመማት የመርከቡን ነገር ዛሬውኑ ትቼ ለሕክምና አውለዋለሁ ብለሽ ጻፍሽ። ያንን ካነበብኩላት በኋላ ጓዳ ገብታ ስትወጣ እጄን ይዛ ቃሌን አደሰችው። ከዚያ ወዲያ አፌን መክፈት አልቻልኩም። ለምሥራቅ ስነግራት ለባዕድ ሰው መንገር ቃል ማፍረስ አልመሰለኝም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ባሕር ዳር ተመልሼ ሄድኩ። ልቆጣት ነበር። ምሥራቅ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችኝና፣ "አባባ፣ እዚያ ለሰው የሚያነብ ሰው የለም። ዋጋውን የሚለየው ኮምፒውተር ነው። እርስዎ የነገሩኝን ደግሞ ሕመም ስለሆነ ለጤና ክፍሉ መላክ ግዴታዬ ነበር" አለችኝ። የላከችውን ወደ አማርኛ መልሳ አነበበችልኝ። ካልኩት አንድ ቃል አልጨመረችም። ቁጣዬን ይዤ ተመለስኩ።

ዛሬ ቡሬ ሄጄ ለእናትሽ ሁሉን ነገርኳት። "ለልጄ እንዳትነግር አስሬህ፣ ለመርከበኛ ነገርከው?" አለችኝ። እማዋይሽ አጠገቧ ነበረች፤ ሣቋን ለመደበቅ ወደ ላሟ ሄደች። ከዚያ እናትሽ ይህን ቃል በቃል ጻፍልኝ ስላለችኝ እንደተናገረችው እጽፈዋለሁ።

"ታከሚና ከዚያ ትገናኛላችሁ ትሉኛላችሁ። እኔ ብድን ልጄ ቡሬ ትገባለች? አትገባም። ወረቀቷ አያስገባትም። ስድንም ስታመምም የምንገናኘው ውኃ ላይ ነው። እንግዲያ ለምን ይቆያል? ክፍሉ መስኮት ከሌለው ይቅር። እንቅልፍ እዚህም የለኝ። ግድግዳ ተደግፌ በር ሳይ ከማድር እሷን እያየሁ ባድር ይሻለኛል። ሕክምናውን እምቢ አላልኩም። ስመለስ እታከማለሁ። ግን ያን ሆድ ሳይከፍቱኝ ልያት።"

ሆድ እንደማይከፈት፣ ልብ እንደሆነ ነገርኳት። ለሷ አንድ ነው።

ምሥራቅ ባሕር ዳር ካለ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልናለች። ለማክሰኞ ጥር 13 ነው። ከጥምቀት ማግስት በመልካሙ መኪና እንሄዳለን፤ የፊቱን ወንበር፣ መስኮቱ የሚከፈተውን፣ ይዞልናል። ሐኪሙን አላውቀውም፤ ግን የሰው ልጅ ነው፣ አስረዳዋለሁ። እናትና ልጅ ለስንት ዓመት እንዳልተያያችሁ ሲሰማ እምቢ የሚል አይመስለኝም።

አጎትሽ ያረጋል


በርገን፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያቀረብኩትን ዋጋ አላነሣሁትም።

ለአጎቴ ለአያ ያረጋል። ዛሬ ከተራ ነው፤ ታቦቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይግባ፣ የጥምቀቱ በረከት ለእርስዎም ለእማዬም ይድረሳችሁ። ባለፈው ያለ ሰላምታ ስለ ጻፍኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። እሷንም ይቅር በይኝ ብላለች ይበሉልኝ። መርከቡን እተዋለሁ ብዬ የጻፍኩት ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

የክኒኖቹን ስም መጦሪያ ቤታችንን ለሚጎበኘው ሐኪም አሳየሁት። ትክክለኛ መድኃኒቶች እንደሆኑ ነገረኝ። ትሂድ ወይስ ትቅር ብዬ ስጠይቀው ግን ሊመልስልኝ አልፈለገም። ያላየኋትን ሰው በወሬ አልፈርድባትም አለኝ። አንዳንዱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መድኃኒቱ በደንብ ከያዘው ይጓዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሦስተኛው ቀን ላይ ሳንባው ውኃ ይሞላል። መርከቡ ሐኪም አለው። የልብ ሐኪም ግን የለውም፤ ከአንዱ ወደብ እስከ ሌላው አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ውኃ ብቻ የሆነበት መንገድም አለ። ሥራዬ ስለሆነ ሳንባው ውኃ የሞላ ሰው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስለዚህ ማክሰኞ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ከባድ እንደሆነም አውቃለሁ። ሐኪሙን አይለምኑት። ስለ እኔ አይንገሩት። ለስንት ዓመት እንዳልተያየን፣ እዚያ መግባት እንደማልችል፣ ባሕሩንም መርከቡንም እንዴት እንደተመኘችው አያንሡበት። እሱም ሰው ነው፣ ያዝን ይሆናል። አዝኖ የፈረመው ወረቀት ግን ባሕር ላይ አያድናትም።

እማዬ ራሷ ታስረዳው። ተቀምጣ እንደምታድር፣ ከነሐሴ ወዲህ ተሽሏት ወይ ብሶባት እንደሆነ፣ ሌሊት እንደሚያስላት ወይም እንደማያስላት፣ ከቤቷ እስከ እማዋይሽ ደጅ ስትሄድ ስንት ጊዜ እንደምታርፍ። ጠንካራ መስላ ለመታየት እንዳትሞክር ይንገሯት። ያበጠ እግሯን በቀሚሷ እንዳትሸፍነው። እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ፤ ሲጠየቁ ብቻ ይመልሱ።

ትሂድ ካለ፣ እኔ ጥር 22 ዱባይ እገባለሁ። የበረንዳው ክፍል ቢደርሰን እሰየው፤ ባይደርሰን እዚያ ኮሪደር ላይ በር ከፍቶ ማደር ስለማይፈቀድ ወደ ላይኛው ወለል ወጥተን ወንበር ይዘን እናድራለን። ብርድ ልብስ እንደሚሰጡ አረጋግጫለሁ። አትሂድ ካለ፣ ለመርከቡ ከከፈልኩት የሚመለሰውን ያህል አስመልሼ ከቀረው ጋር ለአዲስ አበባው ሕክምና እልካለሁ። ያኔ እሷ አልጋ ላይ ስትሆን እኔ አጠገቧ እንደማልሆን የተናገረችው እውነት ነው። ቢሆንም ሐኪሙ ያለውን ነው የምናደርገው።

የትኛውን እንደምመኝ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ አሁንም አይጠይቁኝ።

ሐኪሙ ማክሰኞ ጥር 13 ያያታል። ወረቀቱን በዚያው ዕለት ለምሥራቅ ይስጧት፣ እሷ ትልከዋለች። የኩባንያው የጤና ክፍል ትሳፈራለች ወይስ አትሳፈርም የሚለውን የሚያስታውቀኝ ሐሙስ ጥር 15 ነው። የበረንዳው ክፍል ነገር የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዛዥዎ ፍሬሕይወት